ነጎድጓድ ድምፁን ያጣ ጊዜ

አካዳሚው ውስጥ ባሌን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ዕጩ መኮንኖቹ ፊት ለፊት «ሻምበል ባሻ» ይሉታል፤ ዞር ሲል ደግሞ «ነጎድጓድ»። የማያውቅ ይመስላቸዋል። ያውቃል፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል፤ ግን ደስ እንደሚለው ከነቁበት መጥራታቸውን ይተዋሉ ብሎ ይሰጋል።

እኔ የዚያው ግቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምድር ጦሩን አረንጓዴ፣ የአየር ኃይሉን ሰማያዊ፣ የባሕር ኃይሉን ነጭ እሰፋለሁ። ሦስቱም ኃይሎች መኮንኖቻቸውን እዚህ በአንድነት ያሠለጥናሉ፤ ልጆቹ በአንድ አዳራሽ ይበላሉ፣ በአንድ ሜዳ ይሰለፋሉ፤ የሚለያዩት በእኔ ጨርቅ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የስፌት ክፍላችን መስኮት የሰልፍ ሜዳውን ፊት ለፊት ያያል። ስለዚህ የማወራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው፤ ያላየሁትንም ከባሌ ጎትቼ አውጥቻለሁ፤ ሚስት ነኝና።

ያ ድምፅ የመጣው ከድንጋይ ካባ ነው። አባቱ አለት በፈንጂ እየሰበረ የሚኖር ሰው ነበር፤ ክብሪቱ ሲጫር ከጉብታው ላይ ሆኖ «ዞር በሉ!» እያለ መጮህ ደግሞ የልጅየው ድርሻ። ያልሰማ ሠራተኛ አለቀለት። እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት ያደገ ጉሮሮ ወታደር ቤት ሲገባ አለቆቹ እንደ ዓይናቸው ብሌን ቢያዩት አይገርምም። ተራ ወታደር ሆኖ ገና ሳይደላደል ሰልፍ እንዲመራ አደረጉት፤ ከዚያ ወዲህ ከሜዳው ወጥቶ አያውቅም።

እኔ ያገኘሁት ለደንብ ልብስ ሊለካ የመጣ ዕለት ነው። ሜትሬን ደረቱ ላይ ሳዞር፣ ክንዱን ሳነሳ፣ «ይጥበብ? ይስፋ?» ብዬ ስጠይቀው ትንፍሽ አላለም። ምስኪን፣ ይህን የመሰለ ቁመና ይዞ ዲዳ ሆኖ ቀረ ብዬ ከልቤ አዘንኩለት። በነጋታው መስኮታችንን የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ሰምቼ ብወጣ፣ ያ ዲዳዬ ሜዳው መሃል ቆሞ ስንቱን ጎረምሳ ያስደነብራል። ለካ እኔን ፈርቶ ኖሯል! እስካሁንም ቤት ውስጥ ጮሆ አያውቅም፤ በቤታችን የመጮህ ሥልጣን የእኔ ነው።

ስለ ሥራው አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ የደረሰበት አይገባችሁም። የሰልፍ ትእዛዝ ሁለት ክፍል አለው። መጀመሪያ የማዘጋጃው ይመጣል፤ «ወደ ፊት» ይባላል፤ ማንም አይነቃነቅም። ከዚያ የማስፈጸሚያው፣ «ሂድ!» ሲባል ሁሉም እግር በአንድ ጊዜ ይነሳል። ቃሉ ሳይወጣ የተነቃነቀ ወየውለት። ባሌ ለልጆቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚነግራቸው ይኼንኑ ነው፤ «ሰማይ ቢደፋ ቃሉን ጠብቁ!» ይላቸዋል።

በዚያ ዓመት ሦስተኛውን ክፍል ሰጡት። ቀድሞ እያንዳንዱ ኃይል ለብቻው ይሰለፍ ነበር፤ አሁን ግን አብረው የሚዋጉ ከሆነ አብረው ይራመዱ ተብሎ ተደባለቁ። ወይ መደባለቅ! የምድር ጦሮቹ መሬት ዕዳ ያለባት ይመስል ይረግጧታል። የባሕር ኃይሎቹ የመርከቡ ወለል ሥር ሰው እንደተኛ ሁሉ እግራቸውን ቀስ አድርገው ያስቀምጣሉ። የአየር ኃይሎቹ ከሁሉም ቀድመው ለመድረስ ይቸኩላሉ። ባሌ ይህን ሁሉ በድምፁ ጠፍንጎ አሰረው። ጠዋትም ጮኸ፣ ከሰዓትም ጮኸ፤ ማታ ቤት ሲገባ ጉሮሮው እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይል ጀመር። «ሐኪም ጋ ሂድ» አልኩት። «ጉንፋን ነው» አለኝ። «ጉንፋን ይህን ያህል ጊዜ ይቀመጣል? ቤት ተከራይቷል እንዴ?» ብዬ ብሟገት፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አልሰማኝም።

ምረቃው ጥቂት ወራት ሲቀሩት የፈራሁት ሆነ። ክፍሉ በደንብ እየተራመደ ወደ ሜዳው ጫፍ ይሄዳል። ከጫፉ በኋላ የተከረከመ ቁጥቋጦ አጥር አለ፤ ከአጥሩ ወዲያ የአካዳሚው አዛዥ ቢሮ፣ የአበባ መደብና ትንሽ የውኃ ገንዳ። ባሌ ከኋላ ሆኖ «ባለህበት...» አለ፤ ማዘጋጃው ወጣ። «ቁም!» ሊል አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። እንደገና ከፈተ፤ ነፋስ ብቻ። ጉሮሮውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው እያውለበለበ ከኋላቸው ሮጠ፤ ግን ዓይናቸውን ከፊት ለፊታቸው እንዳይነቅሉ ያስተማራቸው ራሱ ነው፤ ማን ዞሮ ይየው?

ቃሉን ጠብቁ ተብለዋል፤ ጠበቁ። የምድር ጦሮቹ አጥሩን ጥሰው ገቡ። የአየር ኃይሎቹ ዘለሉት። የባሕር ኃይሎቹ ምን ቸገራቸው፣ ገንዳው ውስጥ እየተንቦጫረቁ አለፉ። መጨረሻ ላይ ግድግዳ ሲያቆማቸው አዛዡ መስኮት ሥር ጽጌረዳው ላይ ባሉበት እየረገጡ ቀሩ፤ አንድም ሰው አልሳቀም፣ አንድም ሰው ራሱን አላዞረም። እኛ መስኮታችን ላይ ያለነው ሴቶች ግን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እኔ ሳቄን ያቋረጥኩት ባሌ አጥሩ ጋ ተንበርክኮ ሳየው ነው።

የጉሮሮ ሐኪሟ ወጣት ነች፤ ፊቷ ግን የማያወላዳ። አየችውና «ጋሼ፣ ብዙ የሠራ እጅ መጅ እንደሚያወጣው የእርስዎም የድምፅ አውታር መጅ አውጥቷል» አለችው። «ሦስት ወር አንዲት ቃል አይናገሩ። ማንሾካሾክም ክልክል ነው፤ እንዲያውም ይብሳል።» እሱ እኔን አየኝ። «አይዞህ፣ ለሁለታችንም የሚበቃ አፍ አለኝ» አልኩት። ሐኪሟ ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም።

የአካዳሚው አዛዥ ኮሎኔል ክፉ ሰው አይደሉም። አስጠርተውት እንዲህ አሉት፦ «የጽጌረዳው ነገር ይቅር፤ ይበቅላል። ግን ድምፅ የሌለው የሰልፍ አስተማሪ ምን አደርገዋለሁ? እስከ ምረቃው ልጆችህን ይዘህ እንደምንም ሥራ። ድምፅህ ከተመለሰ ቦታህ የራስህ ነው። ካልተመለሰ የአልባሳት መጋዘኑ ኃላፊ ጡረታ ሊወጡ ነው፤ እሳቸውን ትተካለህ።» ባሌ በተጠንቀቅ ቆመ፤ ሌላ ምን ሊያደርግ ይችላል?

መጋዘኑን አውቀዋለሁ፤ ጨርቅ የምረከበው ከዚያ ነው። መስኮት የለውም፤ አሮጌ ብርድ ልብስና የብል መድኃኒት ይሸታል። ኃላፊው ሁልጊዜ የማገኛቸው ተኝተው ነው። ሥራ ነው፣ ደመወዙም ያው ነው፤ ባሌ ግን እዚያ ከገባ ዓመት እንደማይሞላው፣ ከነነፍሱ እንደ ብርድ ልብሱ ተጣጥፎ እንደሚቀመጥ አውቄ ፈራሁ። እንደዚያ ጊዜ የፈራሁበትን አላስታውስም።

«ዝምታ ወርቅ ነው» ያለው ሰውዬ ዝም ካለ ባል ጋር ኖሮ አያውቅም። ልጆቻችን አድገው ከቤት ወጥተዋል፤ እኔና እሱ ብቻ ነን። ብቆጣ መልስ የለም። ብቀልድ ራሱን ይነቀንቃል። ነገር ፍለጋ «ወጡ ጨው በዝቶበታል አይደል?» ብዬ ብጠይቀው ጣቱን እንኳ አያነሳም። አንድ ቀን ተናድጄ «ቢያንስ ፊትህን ቋጥር!» አልኩት፤ ቋጠረልኝ። ያን ጊዜ ሁለታችንም ሳቅን፤ እሱ ያለ ድምፅ፣ እኔ በሁለት ሰው ድምፅ።

ሜዳ ላይም ፍዳውን አየ። በእጁ ቢያሳይ ከኋላ ያሉት አያዩትም። ፊሽካ ቢነፋ የመጀመሪያውና የሁለተኛው ክፍል ልጆችም አብረው ይቆማሉ፤ አስተማሪዎቻቸው ተቆጡ። በዚህ መሃል ነው መነጽሬን ቤት ረስቼ ሊያቀብለኝ ወደ ስፌት ክፍል የመጣው።

እኔና ባልደረባዬ ትልቅ የድንኳን ሸራ ጫፍና ጫፉን ይዘን እያጠፍን ነበር። ስንት ዘመን አብረን ስላጠፍን ስለ ሥራው አንነጋገርም። እሷ ስለ ጎረቤቷ ታወራለች፣ እኔ እስቃለሁ፣ ሸራው ይታጠፋል። ልትዞር ስትል ጫፉን ሳብ ታደርገዋለች፤ እጄ ይሰማዋል፤ እዞራለሁ። ቀና ስል ባሌ መነጽሬን እንደያዘ ደጃፉ ላይ ደርቆ ቀርቷል። «ምን ሆነሃል? ጅን አየህ?» አልኩት። መጥቶ ባልደረባዬን በትሕትና ገለል አደረጋትና ጫፏን ተቀበለ። ሳብ አደረገው። ዞርኩ። ደግሞ ሳበው። ቆምኩ። ለሳምንታት ያላየሁት ፈገግታ ፊቱ ላይ መጣ፤ የተረፈውን ቁራጭ ሸራ ሁሉ ሰብስቦ ተሸክሞ ሄደ። ይህን ሐሳብ ከማን እንዳገኘው የሚጠይቅ ካለ እንግዲህ አድራሻዬን ታውቃላችሁ።

በነጋታው እያንዳንዱን ረድፍ ረጅም የሸራ ጥብጣብ አስያዛቸው። መጀመሪያ ቀን ተጠላልፈው ወደቁ። የሌሎቹ ክፍሎች አስተማሪዎች «ነጎድጓድ ልጆቹን ገመድ ላይ አሰጣቸው! ሲደርቁ ያወርዳቸዋል!» እያሉ ተዝናኑበት። እሱ ምን ይመልስ? የወደቁትን አነሳ፣ ጥብጣቡን አስተካከለ፣ አስጀመራቸው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። የምድር ጦሮቹ እንደ ልማዳቸው መሬቱን ሲደበድቡ ጥብጣቡ አጠገባቸው ያለውን ልጅ ያናውጠዋል፤ አፍረው ቀነሱ። የአየር ኃይሎቹ ሲቸኩሉ ይወጠራል፤ ታገሡ። የባሕር ኃይሎቹ ሲለሰልሱ ይላላል፤ ጠንከር አሉ።

በፊተኛው ረድፍ ቀኝ ጫፍ ላይ አንዲት የባሕር ኃይል ዕጩ መኮንን አቆመ፤ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነች። የመዞሪያውንና የመቆሚያውን ቦታ የምትወስነው እሷ ነበረች፤ ትንፋሿን ሰብሰብ አድርጋ የመጨረሻውን እርምጃ ስታረጋጋ፣ ያ መረጋጋት ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። እጅጌዋን ላስተካክልላት መጥታ ስታወራኝ «ጀልባ ላይ ሰው ከኋላዬ ሲነሳ ሳላየው አውቃለሁ፤ ጀልባዋ ትነግረኛለች» አለችኝ። «እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ሻምበል ባሻ በሚጮሁ ጊዜ ሐሳቤ ሁሉ እንዳልቀጣ ነበር። አሁን የማስበው በግራዬ ስላለው ልጅ ነው።» ለባሌ ስነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ ጥብጣቡን ቀማቸው። ባዶ እጃቸውን ተራመዱ፤ እጃቸው ግን ያልያዘውን ጨርቅ ያዳምጥ ነበር። ዞሩ፣ ቆሙ፣ ሄዱ። አንድ ቃል አልተነገረም።

ምረቃው ሊደርስ ሲል ሐኪሟ ጋ ተመለስን። አየችውና ደስ አላት። «መጁ ከስሟል፤ ጋሼ፣ ቀስ ብለው መናገር ይችላሉ» አለች። ቀጥላ ደግሞ «መጮህ ግን ዳግመኛ የለም። መቼም። ከጮኹ ከነጭራሹ ይጠፋል» አለች። የመጣው ድምፅ የሚገርም ነው፤ ወፍራም፣ ዝቅ ያለ፣ የማላውቀው ሰው ድምፅ። ቤት ገብተን «ውኃ አለ?» ሲለኝ እንግዳ የመጣ መስሎኝ ዘወር አልኩ። በአንድ በኩል ደስ ብሎኝ፣ በሌላ በኩል ያ ነጎድጓድ ሞቶ የተረዳሁ ያህል ሆዴ ባባ።

ኮሎኔሉ የሐኪሟን ቃል ሰሙ፤ የልጆቹንም ልምምድ አዩ። «ያምራል። ግን ምረቃ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልደፍርም። ትእዛዙ ለሦስቱም ክፍሎች በድምፅ ማጉያ ይሰጣል። አንተ ባንዲራው ምሰሶ አጠገብ ትቆማለህ። ከምረቃው በኋላ የመጋዘኑን ቁልፍ ትረከባለህ» አሉት። እኔ ያን ቀን የተቆጣሁትን ቁጣ አልነግራችሁም፤ መርፌ ሰብሬአለሁ። እሱ ግን «ልጆቹ ሐዘኔን እንዳያዩብኝ» ብቻ አለኝ በአዲሱ ድምፁ።

የምረቃው ዕለት ወላጆች ወንበር ሞልተው ተቀምጠዋል። ሦስቱ ክፍሎች ገቡ። የሰፋሁት ሁሉ እዚያ ነበር፤ አንድም ክር አልተንጠለጠለም፤ አየሁ። መርሐ ግብሩ ላይ አውሮፕላኖቹ የሚያልፉት ከቃለ መሐላው በኋላ ነው። የአየር ኃይል ነገር፤ ቸኩለው መጡ። ክፍሎቹ በእንግዶቹ ፊት እየተራመዱ ሳለ ሰማዩ ተሰነጠቀ። ድምፅ ማጉያው ላይ ያለው ሰው አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ ይታያል፤ የሚሰማ ነገር የለም።

ሁለተኛው ክፍል ግማሽ ትእዛዝ ሰምቶ ባለበት እየረገጠ ቀረ። የመጀመሪያው ክፍል መዞሪያውን አልሰማም፤ አልዞረም። ቃሉን እየጠበቀ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ በቀጥታ ወደ ወላጆቹ ወንበር ይገሰግሳል። አስተማሪያቸው ከኋላ ሆኖ ይጮሃል፤ ደም ሥሩ ተገትሯል። ፊት ረድፍ ላይ የተቀመጡ እናቶች ቦርሳቸውን አቀፉ።

ሦስተኛው ክፍል ቦታው ላይ ሲደርስ ያቺ ልጅ ትንፋሿን ሰበሰበች። ዞሩ። ቆሙ። እንደ አንድ ሰው፣ ያን ሁሉ ጩኸት ተሸክመው ቀጥ አሉ።

ባሌ ግን የራሱን ክፍል ዞሮ አላየም። ከምሰሶው ሥር ተነስቶ ሮጠ፤ ከኋላ ሳይሆን ከፊት። በመጀመሪያው ክፍልና በወንበሮቹ መካከል ገብቶ ቆመ። ልጆቹ ገንዳው ውስጥ የገቡት ዕለት ከኋላ መሮጥ ምን እንዳተረፈለት ያውቃል። ዓይናቸውን ከፊት ለፊታቸው አይነቅሉም አይደል? እንግዲህ ፊት ለፊታቸው እሱ ነው። መዳፉን ወደ ሰማይ አነሳ፤ ጠበቀ፤ አንድ እርምጃ ሲቀራቸው አወረደው። ቆሙ። የፊተኛው ልጅ አፍንጫ ከባሌ አፍንጫ አንድ ክንድ አይርቅም።

አውሮፕላኖቹ አለፉና ጸጥታ ወረደ። እንግዶቹ መላው ነገር የታሰበበት መስሏቸው ብድግ ብለው አጨበጨቡ። እኔ አላጨበጨብኩም፤ በሁለት እጄ አፌን ይዤ እያለቀስኩ ነበር።

በማግስቱ ኮሎኔሉ ስፌት ክፍል ድረስ መጡ፤ ባሌ እኔ ጋ ነበር። «ሻምበል ባሻ፣ ለመጋዘኑ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አሉት። «አዲሶቹን ልጆች ሦስቱንም ክፍል አንተ ታስጀምራቸዋለህ። የሚበቃ ሸራ አለህ?»

«ሚስቴን ልጠይቅ ጌታዬ» አለ።

እኔም «ይታሰብበታል» አልኩ። እሳቸው ሳቁ፤ ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይኼ ነው።

ይህን ብነግራችሁም ታሪኩ አላለቀም፤ ዋናው ፍርሃት ገና ነበረ። የተመረቁት ልጆች ያውቁታል፣ ሲጮህ ሰምተውታል፤ ዝም ቢልም ያ ጩኸት በጆሯቸው አለ። አዲሶቹ ግን ነጎድጓድን አያውቁም። ከየቤታቸው የመጡ፣ የሚንጫጩ፣ በድምፃቸው ሜዳውን የሞሉ ጎረምሶችና ኮረዶች ናቸው። የመጡ ዕለት ጠዋት ባሌ የጫማውን ክር አሰረ፣ ፈታ፣ እንደገና አሰረ። «ባይሰሙኝስ?» አለኝ። ኮሌታውን አስተካከልኩለትና ሸኘሁት።

ያን ጠዋት ሥራ እምቢ አለኝ፤ እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ ፈታሁ። ከሜዳው መጀመሪያ ጫጫታ ይመጣ ነበር፤ በኋላ እሱም ጠፋ፤ ቀና ብዬ ለማየት ግን አልደፈርኩም። ምሳ ሰዓት ላይ ገባ፤ ባርኔጣውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ፤ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ሰሙህ?» አልኩት።

ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

«ዝም አሉልኝ» አለ።